ድምፅ መስማትና ቃል መለየት

ማታ የቴሌቪዥኑ ዜና ሲጀምር በየቤቱ አንድ ዐይነት ክርክር ይነሣል። የቤቱ ታላቅ በወንበራቸው ተቀምጠው «ድምፁን ጨምሩልኝ» ይላሉ፤ ከልጆቹም አንዱ ይጨምራል። ጥቂት ቆይተው «ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ይነገራቸዋል። ሁለተኛ ይጠይቃሉ፤ አሁንም ይነገራቸዋል። በዚህ መካከል እመቤቲቱ ከጓዳ ብቅ ብለው «ኧረ ቀንሱት፤ ቤቱን አናወጣችሁት» ይላሉ። በሦስተኛው ጊዜ ልጁ ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ መስኮት ሳያነሣ «ይተዉት አባባ፤ ምንም አይደል፤ በኋላ እነግርዎታለሁ» ይላል። ይህ በኋላ የተባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አይደርስም። ሽማግሌውም ሰውን ላለማስቸገር ሲሉ መጠየቁን ይተዋሉ፤ ሌላው ሲሥቅ አብረው ፈገግ ይላሉ፤ ቀስ በቀስም ከሰው ሁሉ ቀድመው ወደ መኝታቸው መሄድን ያዘወትራሉ።

ይህ ነገር ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በብዙ ቤት ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድነት የሚቀመጥበት ሰዓት ይህ ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚያ ሰዓት የሚነገረውን ያልተከተለ ሰው ከዚያ ቀጥሎ ከሚመጣው ጨዋታ ሁሉ ይለያል። ስለ ዜናው ሲከራከሩ እርሱ የለበትም፤ ስለ ድራማውም ሲያወሩ የሚጨምረው ቃል የለውም። ስለዚህ የቴሌቪዥን ንግግር በቤት ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማ ዘንድ ምን ማድረግ እንደሚቻል በዛሬው ጽሑፋችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል። ሐሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፤ ድምፅን ማብዛትና ቃልን ማጥራት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሰዎችም የሚደክሙት ሁለተኛው ጎድሎ ሳለ የመጀመሪያውን እየጨመሩ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የፊደልን ትምህርት ማስታወስ ይበቃል። እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ነገር አለው። አንዱ ዘሩ ነው፤ ይኸውም ሰ ወይም ሸ፥ ተ ወይም ከ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ድምፁ ነው፤ ይኸውም ሱ ወይም ሲ፥ ሳ ወይም ሶ መባሉ ነው። ሰው ሲናገር ይህ ሁለተኛው ከደረትና ከተከፈተ አፍ የሚወጣ ስለ ሆነ ወፍራምና ብርቱ ነው፤ ከሩቅ ይሰማል፤ ግድግዳም አልፎ ይሄዳል። በሚቀጥለው ክፍል የሚነጋገሩትን ሰዎች ጉምጉምታ እየሰማን ቃላቸውን የማንለየው ስለዚህ ነው። ዘሩ ግን፥ ይልቁንም እንደ ሰ፥ ሸ፥ ጸ፥ ፈ፥ ተ፥ ከ ያለው፥ ትንፋሽ በጥርስ፥ በምላስና በከንፈር መካከል ሲሾልክ ወይም ድንገት ሲለቀቅ የሚሰማ ቀጭንና አጭር ድምፅ ነው። በቁጥር ለመናገር፥ የንግግር ኀይል አብዛኛው ያለው በሰከንድ ከ1000 ጊዜ በታች በሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ ውስጥ ነው፤ የሰ ፉጨት ግን አብዛኛው ከ4000 በላይ ነው። ኀይሉ ከታች፥ ቃልን ከቃል የሚለየው ግን አብዛኛው ከላይ ነው ማለት ነው።

ሰው በዕድሜ ሲገፋ ጆሮው አስቀድሞ የሚያጣው ይህን ቀጭኑን ድምፅ ነው። በዚህ ምክንያት ሽማግሌው ሰው መናገሩን ይሰማሉ፤ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፥ መቈጣቱን ወይም መለመኑን ያውቃሉ፤ ነገር ግን «ሾመ» ይበል «ጾመ» አይለዩም። «ሰማ» ከ«ሸማ»፥ «ጠፋ» ከ«ተፋ»፥ «ከሰሰ» ከ«ቀሰሰ» ይቀላቀልባቸዋል። «ሞቀ» የተባለውን «ሞተ» ብሎ የሰማ ሰው የሚያገኘውን ድንጋጤ አንባቢ ራሱ ያስበው። በአማርኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የነገሩ ማሰሪያ የሆነው ግሥ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ የተናጋሪውም ድምፅ ዝቅ የሚለው በዚያው ቦታ ነው። እኛ በችሎት የምስክር ቃል የምንጽፍ ሰዎች ይህን ዘወትር እናየዋለን። ምስክሩ ማንን፥ የት፥ መቼ የሚለውን ሁሉ ከፍ አድርጎ ይናገርና «አየሁ» ወይም «አላየሁም» የሚለውን ወደ ደረቱ ይውጠዋል። ዳኛው ግን «ድገመው» ይሉታል። ቴሌቪዥኑን «ድገመው» የሚለው የለም።

እንግዲህ ድምፁ ሲጨመር የሚሆነውን እንመልከት። ወፍራሙ ቀድሞም ይሰማ የነበረ ስለ ሆነ አሁን ይጮኻል፤ ቀጭኑ ግን ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ በጩኸቱ ውስጥ ይሰጥማል። ከዚህም ሌላ ያረጀ ጆሮ ባሕርዩ እንዲህ ነው፤ ዝቅተኛውን ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም፥ ከፍተኛው ግን እንደ ጤነኛው ጆሮ ያኽል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ይልቅ፥ ያስጨንቀዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ ጠባብ ነው። አንድ ሽማግሌ አሁን «አልሰማሁም» ብለው ወዲያው ደግሞ «ምን ያስጮኽሃል!» ቢሉ ልጆች ጠባይ መስሏቸው ይታዘቧቸዋል። ጠባይ አይደለም፤ የጆሮ ሕመም ሥራ ነው።

ወፍራም ድምፅ ለቃል አስፈላጊ አለመሆኑን ስልክ ያስረዳናል። የሰው ጤነኛ ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል፤ የቀድሞው የስልክ መስመር ያሳልፍ የነበረው ግን ከ300 እስከ 3400 ያለውን ብቻ ነበረ። ዳሩ ግን በዚያ ስልክ ሹመትና ሽረት፥ ልደትና መርዶ ሁሉ ሲነገር ኖረ። ሙዚቃ ቢሰሙበት አያምርም ነበር፤ ለቃል ግን ይበቃ ነበር።

የዛሬው ቴሌቪዥን ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን ጥፋት ይጨምራል። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን በጥቅምት ወር 1957 ዓ. ም. ሲገባ የነበረው ዕቃ ወፍራም ሣጥን ስለ ነበረ፥ ድምፅ ማጉያው ወደ ተመልካቹ ፊት ለፊት ወይም በጎን ይቀመጥ ዘንድ በቂ ስፍራ ነበረው። ዛሬ ግን ገዢ ሁሉ ቀጭን ስለሚፈልግ፥ ድምፅ ማጉያው አንሶ ከበስተ ኋላው ወይም ከበታቹ ተደብቋል። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያ ግድግዳውን ወይም የቡፌውን ጣውላ መትቶ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ሰው ይመለሳል። ቀጭኑ ድምፅ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ በዚህ ዙሪያ ጥምጥም የሚጎዳው እርሱ ነው። በብዙ ቤት እንደምናየው ቴሌቪዥኑ በቡፌ ውስጥ ወደ ኋላ ገብቶ ከላዩ ዳንቴል ተነጥፎለት እንደ ሆነ፥ ነገሩ ይብሳል፤ ቡፌው እንደ ከበሮ ሆድ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋልና። ዳንቴሉን አንሥቶ ቴሌቪዥኑን እስከ ቡፌው ከንፈር ድረስ ወደ ፊት ማምጣት አንድ ሳንቲም የማያስወጣ መድኀኒት ነው።

ጥፋቱ የድራማ ሠሪዎችም ነው። በእንግሊዝ አገር ቢቢሲ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2014 «ጃማይካ ኢን» የተባለውን ድራማ ባሳየ ጊዜ፥ ተዋናዮቹ ያጉተመትማሉ፥ ቃላቸው አይለይም ብለው ያመለከቱ ተመልካቾች ከ2000 በላይ ሆኑ። እነዚህ ሁሉ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌዎች ናቸው ለማለት አይቻልም። ተዋናይ በቤቱ እንደሚናገር አድርጎ ሲያንሾካሹክ፥ ከበታቹም ሙዚቃና የመኪና ድምፅ ሲነጠፍበት፥ ወጣቱም ይስተዋል። ይኸው ድርጅት በ2019 «ካዡዋልቲ» ከተባለው የሐኪም ቤት ድራማ ለአንዱ ክፍል በኢንተርኔት አዲስ ሙከራ አደረገ፤ ተመልካቹ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው አንድ መቆጣጠሪያ ተሰጠው፤ ወደ አንድ ወገን ሲገፋው ሙዚቃውና የአካባቢው ጫጫታ ዝቅ እያለ ንግግሩ ጎልቶ ይቀራል። ከዚህ የምንማረው፥ ቃልን ለማጥራት የቃሉን ዙሪያ ማሳነስ እንደሚገባ ነው። እንዲህ ያለው መቆጣጠሪያ በየቤታችን ባይኖርም፥ የሥራውን ግማሽ በእጃችን ልንሠራው እንችላለን።

የመጀመሪያው ሥራ በሪሞቱ ነው። በቴሌቪዥኑ ማውጫ ውስጥ «ሳውንድ» የሚለውን ከፍተው ሲያዩ «ክሊር ቮይስ»፥ «ስፒች» ወይም «ዲያሎግ» የሚል ቃል ይገኛል፤ ስሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ የንግግሩን ስፍራ ከፍ፥ የቀረውን ዝቅ ያደርጋል። እርሱ ባይገኝ «ቤዝ» የሚለውን ወፍራሙን ድምፅ ቀንሶ «ትሬብል» የሚለውን ቀጭኑን ጥቂት መጨመር ነው። ጥቂት ማለታችን ይታሰብ፤ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ሰ ሁሉ እንደ እባብ ይፏጫል። «ሳራውንድ» የሚለው ድምፁን በክፍሉ ሁሉ የሚበትን ስለ ሆነ ለንግግር አይጠቅምም፤ ይዘጋ። «ናይት ሞድ» ወይም «ኦቶ ቮልዩም» የሚለው ደግሞ ሹክሹክታውን ከፍ፥ የጦርነቱን ፍንዳታ ዝቅ አድርጎ ያቀራርባቸዋል፤ ድራማው ተቋርጦ ማስታወቂያው ሲገባ ድንገት ከሚመጣውም ጩኸት ያሳርፋል። በአሜሪካ አገር ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮኽ የሚከለክል ሕግ በ2010 ወጥቶ በ2012 ሥራ ላይ ውሏል።

ፊልም የሚታየው በሪሲቨር ወይም በሌላ ዕቃ አማካይነት እንደ ሆነ፥ የዚያም ዕቃ ማውጫ መታየት አለበት። ለሲኒማ ቤት የተሠራ ፊልም ድምፁ በስድስት መንገድ የተከፈለ ነው፤ «5.1» የሚባለው ይህ ነው። የሰዎቹም ንግግር አብዛኛው የሚመጣው በመካከለኛው መንገድ ነው። በቤታችን ያለው ቴሌቪዥን ግን ሁለት ማጉያ ብቻ አለው፤ ስለዚህ ያ የመካከለኛው ድምፅ ከሌላው ጋራ ተጨፍልቆ ይደርሰናል። በሪሲቨሩ ማውጫ «ስቴሪዮ» ወይም «ፒሲኤም» የሚለውን መምረጥ ብዙ ጊዜ ንግግሩን ያሻሽለዋል። የሪሲቨሩም ድምፅ ዝቅ ብሎ የቴሌቪዥኑ ከፍ ያለ እንደ ሆነ የሽሽታ ድምፅ ይበዛል፤ የሪሲቨሩን ከፍ አድርጎ በቴሌቪዥኑ መመጠን ይሻላል።

ሁለተኛው ሥራ በክፍሉ ነው። ድምፅ ከለስላሳ ነገር ላይ ሲያርፍ ይዋጣል፤ ከጠንካራ ነገር ላይ ሲያርፍ ይመለሳል። የሣር ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ለጨዋታ የተመቸ የነበረው ሣሩ ድምፁን ስለሚውጥ ነው። የዛሬው ሳሎን ወለሉ ሴራሚክ፥ መስኮቱ ሰፊ መስተዋት፥ ግድግዳው ልስን ስሚንቶ ነው፤ ለዐይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ቃል አስተጋብቶ ሳይጨርስ ሁለተኛው ይደርስበታል። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ፥ በመስኮቱም ከባድ መጋረጃ መጣል፥ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ ወይም የተንጠለጠለ ሥጋጃ ማድረግ፥ ይህ ሁሉ ቃልን ያጠራል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን ምንጣፍ አያድንም፤ በዚያ ሰዓት የሚረዳው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አስቀድሞ የገባ ወፍራም ሙሌት ነው፤ እርሱ ከሌለ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።

ስለ ቡናም አንድ ቃል እንጨምር። ቡና መውቀጥና የምሽቱ የሁለት ሰዓት ዜና በአንድ ሰዓት መጋጠማቸው በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሙቀጫው ከዜናው በፊት ሥራውን ቢጨርስ ቡናውም ዜናውም አይጎዳም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ማቅረብ ነው። ይህን ነገር ሰዎች ቸል ይሉታል፤ ዋጋ ስለማይጠየቅበት ይሆናል። በሰሚውና በድምፅ ማጉያው መካከል ያለው ርቀት በግማሽ በቀነሰ ቍጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያኽል ይጨምራል። ከ4 ሜትር ወደ 1 ሜትር የቀረበ ሰው 12 ዴሲቤል ያገኛል ማለት ነው። ከግድግዳው የሚመለሰው ማስተጋቢያ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ድምፁን በሪሞት ብንጨምር ቃሉም ማስተጋቢያውም በአንድነት ያድጋሉ፤ ብንቀርብ ግን የሚያድገው ቃሉ ብቻ ነው። በአንድ ሥራ ድምፅ የሚበዛውና ቃል የሚጠራው በዚህ ብቻ ነው።

ነገር ግን በአገራችን ልማድ የታላቅ ሰው ወንበር የት እንደሚቀመጥ እናውቃለን። የክብር ቦታው ወደ ውስጥ፥ ከግድግዳው ጋራ፥ በሩን የሚመለከት፥ ከቴሌቪዥኑም ሁሉ የራቀው ማእዘን ነው። ሕፃናቱ ግን ከቴሌቪዥኑ ሥር ምንጣፉ ላይ ተዘርግተዋል። እንግዲህ ሁሉን የሚሰማው ጆሮ ከምንጩ አጠገብ፥ የደከመው ጆሮ ከሩቅ ሆነ። ታላቁን ሰው «ይነሡና ወደዚህ ይምጡ» ማለት አይገባም፤ ቢባሉም ብዙዎቹ «እዚሁ ይሻለኛል» ይላሉ። ስለዚህ እርሳቸውን ወደ ድምፁ ማምጣት ቢከብድ ድምፁን ወደ እርሳቸው መውሰድ ይቻላል። አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ከወንበራቸው አጠገብ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፥ በጆሯቸው ትክክል፥ ከክንድ ርቀት ማስቀመጥ ነው። ሽቦው በግድግዳው ጥግ ተጎትቶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይሰካል። በአንዳንድ ቴሌቪዥን ይህ ሲሰካ የራሱ ድምፅ ይዘጋል፤ በማውጫው ውስጥ ሁለቱም በአንድነት ይሠሩ ዘንድ የሚፈቅድ ምርጫ መኖሩን መመልከት ይገባል። በዚህ ዐይነት ቴሌቪዥኑ ለሌላው ሰው ዝቅ ብሎ ሲናገር ለእርሳቸው በልክ ይናገራል።

በገመድ አልባ መንገድ፥ ብሉቱዝ በሚባለው የሚገናኝ ማጉያም አለ፤ ሽቦ ስለሌለው ያስደስታል። ነገር ግን አንዳንዱ ድምፁን ከሥዕሉ ያዘገየዋል። ድምፅ ከሥዕሉ በ125 ሚሊ ሰከንድ፥ ይኸውም በሰከንድ አንድ ስምንተኛ የዘገየ እንደ ሆነ ተመልካች እንደሚያስተውለው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 አስታውቋል። ይህም ለጆሮ ደካማ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ምክንያቱም ማንም ሰው ሳያውቀው የሚናገረውን ሰው ከንፈር ያነባል። ሱምቢና ፖላክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1954 ባሳተሙት ጥናት፥ ጫጫታ በበዛበት ስፍራ የተናጋሪውን ፊት ማየት ቃሉን ለመለየት እጅግ እንደሚረዳ አሳይተዋል። በ1976 ደግሞ መገርክና ማክዶናልድ የተባሉት፥ ከንፈር የሚያሳየው ፊደልና ድምፅ የሚያሰማው ፊደል የተለያዩ እንደ ሆነ ሰሚው ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ፊደል እስከ መስማት እንደሚደርስ ገለጹ።

ከዚህ የተነሣ አንድ የታወቀ እንቆቅልሽ ይፈታል። ሽማግሌው ዜና አንባቢውን በደኅና ይከተላሉ፤ ወደ አማርኛ የተመለሰውን የውጭ አገር ድራማ ግን ፈጽሞ አይከተሉም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለው ድራማ በብዙ ቤት ተወዷል። ነገር ግን ተዋናይዋ ከንፈሯ በቱርክ ቋንቋ ይንቀሳቀሳል፥ ድምፁ አማርኛ ነው፤ ዐይን ለጆሮ የሚሰጠው እርዳታ ተቋርጧል፤ እንዲያውም ያሳስተዋል። ስለዚህ ከሽማግሌ ጋራ ለመቀመጥ ያሰበ ሰው ፊቱን ወደ ካሜራ አድርጎ በአማርኛ የሚናገር ሰው ያለበትን ፕሮግራም ቢመርጥ መልካም ነው። የውጭ ቋንቋ ለሚያውቁት ደግሞ «ሰብታይትል» የሚለውን ጽሑፍ ማስነሣት ከማናቸውም ዕቃ ይበልጣል፤ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ፊልም የሚያዩ ብዙ ታላላቅ ሰዎች ይህ ጽሑፍ በአንድ ቁልፍ እንደሚመጣ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ይቸገራሉ።

በጆሮ ላይ የሚደረገው ማዳመጫም ለቃል ጥራት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ማስተጋቢያ የለበትም፥ ርቀትም የለበትም። ሆኖም ግን በእኛ ሐሳብ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው እንጂ ለቤተ ሰብ ጉባኤ የተመረጠ አይደለም። ማዳመጫውን ያደረገ ሰው ቴሌቪዥኑን ይሰማል፤ አጠገቡ የተቀመጠችው የልጅ ልጁ የምትጠይቀውን ግን አይሰማም። የአንዱን መለየት ለማዳን ሌላ መለየት እንዳንፈጥር ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ፥ ወይም ከመደረጉም በፊት፥ ጆሮውን የጆሮ፥ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም እንዲያየው ማድረግ ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የደረቀ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሐኪሙ ሲያወጣው መስማት ይመለሳል። በክብሪት እንጨት፥ በላባ ወይም በቁልፍ መቆርቆር ግን ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ከበሮውንም ሊበሳው ይችላል። አንዱ ጆሮ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የደነቈረ እንደ ሆነ ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ቶሎ የተጀመረ ሕክምና ብቻ ሊመልሰው የሚችል ሕመም አለና። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መግለጫ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች የመስማት ጉድለት እንዳለባቸው፥ ከእነዚህም 430 ሚሊዮን ያኽሉ ሕክምናና እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ተናግሯል። መነጽር ማድረግ ያላሳፈረው ሰው የመስሚያ መሣሪያ የሚያሳፍረው ስለ ምን እንደ ሆነ አይገባንም።

ስለ ሕፃናቱም ይታሰብ። ይኸው ድርጅትና የቴሌኮሙኒኬሽኑ ኅብረት ለማዳመጫ መሣሪያዎች ባወጡት ደንብ ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል፥ ለሕፃን 75 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስነዋል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪም ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለሩቁ ሽማግሌ ተብሎ የተጨመረው ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ሥር ለተኛው ሕፃን እጅግ ከፍ ብሎ ይደርሳል፤ የአያቱን ጉድለት ለልጅ ልጅ ማውረስ እንዳይሆን ያስፈራል።

የተደረገው ለውጥ ይጥቀም አይጥቀም ለማወቅ በግምት መሄድ አያስፈልግም። አንድ የተቀዳ ዜና ይመረጥ። ሽማግሌው በወትሮው ቦታቸው ተቀምጠው ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በኋላ ዜናው ይቁምና የሰሙትን ቃል በቃል ይድገሙት፤ ከዐሥር ዐረፍተ ነገር ስንቱን በትክክል እንደ ደገሙ አንድ ሰው በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ወይ ቤዙ ይቀነስ፥ ወይ ማጉያው ይቅረብ፥ ወይ ምንጣፉ ይነጠፍ። በማግሥቱ በሌላ ዜና፥ ድምፁ በዚያው ቍጥር ላይ ሳለ፥ እንደገና ይደገም። ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የተለወጠ እንደ ሆነ የትኛው እንደ ጠቀመ አይታወቅም። በመጨረሻም የተሻለው ሥርዐት ሲገኝ በማውጫው ውስጥ የተመረጡት ቃላትና ቍጥሮች በትንሽ ካርድ ላይ ተጽፈው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይለጠፉ፤ በሪሞቱም ላይ ሽማግሌው የሚፈልጉት ቁልፍ በጣት ተዳስሶ እንዲታወቅ ከላዩ ጠብታ ሙጫ ይደረግበት።